ከቤቱ ግድግዳ የለቀቀ የእንጨት በረንዳ፦ 60 እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት (ጥያቄ አቅራቢ) — እሑድ ማታ

ውድ ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ጥቅምት እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ገዛን። ከወጥ ቤቱ በር በቀጥታ የሚወጣበት ሰፊ የእንጨት በረንዳ አለው፤ ዴክ የሚሉት ነው። ከግድግዳው ወደ ውጭ 12 ጫማ፣ በጎኑ 16 ጫማ ይሆናል። ግቢው ወደ ኋላ ስለሚዘቀዝቅ በረንዳው ከመሬት 9 ጫማ ያህል ከፍ ብሎ የቆመ ነው። በሰኔ የመጀመሪያ ልጃችን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትመረቃለች። ባለቤቴ ወደ 60 ሰው ጠርታለች፤ ምሳውም፣ ቡናውም፣ ጭፈራውም በረንዳው ላይ እንዲሆን አስበን ነበር።

ትናንት ከሥሩ ገብቼ ቅጠል ስጠርግ ቀና ስል፣ በቤቱ ግድግዳና ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወፍራም ጣውላ መካከል ጣቴን የሚያስገባ ክፍተት አየሁ። ጣውላው የተያዘው በሚስማር ብቻ ነው። ከየሚስማሩ ራስ ሥር ቡናማ የዝገት መስመር ወርዷል። ከላይ ሲታይ ግን ወለሉ አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ዓይን የሚስብ ነው። ከግዢው በፊት ቤቱን የመረመረልን ባለሙያ በሪፖርቱ ላይ በረንዳው በደኅና ሁኔታ ላይ እንዳለ ጽፎልን ነበር።

ረጃጅም ሚስማሮች ጨምሬ ባጠብቀው ይበቃል? ወይስ ከዚህ የከበደ ነገር ነው?

አናጺው ከሚኒሶታ — እሑድ ማታ

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ ልጅህን እግዚአብሔር ለቁም ነገር ያብቃልህ። አሁን ግን ሌላውን ሁሉ ትተህ ወደ በረንዳው የሚወጣውን በር ቆልፍ። ማንም አይውጣበት፤ ከሥሩም ማንም አይቀመጥ። ሚስማር መጨመር ምንም አይጠቅምህም።

በረንዳ ስሠራና ስጠግን 17 ዓመት ሆኖኛል። ያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጣውላ ሌጀር ይባላል። የበረንዳህን ግማሽ ክብደት የያዘው እርሱ ነው፤ ሌላው ግማሽ በውጭ በኩል በቆሙት ቋሚዎች ላይ ነው። ቋሚዎቹን ሰው ያያቸዋል፣ ይነቀንቃቸዋል፣ ስለ እነርሱ ይጠይቃል። ሌጀሩ ግን ከሥር ጎንበስ ካላሉ በቀር አይታይም። ሊወድቁ ደርሰው ከተጠራሁባቸው በረንዳዎች አብዛኞቹ የለቀቁት እዚያው መጋጠሚያ ላይ ነበር። ወለሉ ላይ ቀለም የቀባው ሰው ያሳመረው በረንዳውን የማይሸከመውን ክፍል ነው።

ነገ በብርሃን ካቻቪቴ ይዘህ ግባና ሌጀሩን፣ ከጀርባው ያለውንም የቤቱን የዳር እንጨት ውጋ። ጤነኛ እንጨት እጅህን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው እንደ ዳቦ ያስገባሃል። ሌጀሩ የተመታው በግድግዳው የላስቲክ ልባስ ላይ ነው ወይስ ልባሱ ተቆርጦ? በላዩ ውኃ የሚያሳልፍ ላሜራ አለ? ወለሉን የሚሸከሙት አግዳሚዎች ጫፋቸው በብረት ማቀፊያ ተይዟል ወይስ በሰያፍ በተመታ ሚስማር? በውጭ በኩል ያለው፣ አግዳሚዎቹ የሚያርፉበት ዋናው ወፍራም እንጨት (ቢም) ቋሚዎቹ አናት ላይ ተቀምጧል ወይስ በጎናቸው ተንጠልጥሏል? እነዚህን አይተህ ንገረን።

የአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ነዋሪ — እሑድ ሌሊት

ወንድሞቼ፣ ሰውን ይህን ያህል ማስደንገጥ ተገቢ አይመስለኝም። የእኔ ቤት በረንዳ ከጡቡ ግድግዳ ጋር በብሎንና በሚስማር ታስሯል። 12 ዓመት ሙሉ ልደት፣ ክርስትና፣ መልስ ሳይቀር ደግሰንበታል፤ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ለጥገና የሚመጣ ሰው ሁሉ አፍርሰህ እንደገና ሥራ ነው የሚለው፤ ዋጋውም ሰው የሚችለው አይደለም። አንድ ነገር ይህን ያህል ዓመት ከቆመ ይቆማል።

መሐንዲሷ — ሰኞ ጠዋት

የአሌክሳንድሪያው ወንድሜ፣ ስለ ዋጋው ያሉት እውነት ነው። ስለ ዓመቱ ያሉት ግን ያስፈራኛል፤ ለምን እንደሚያስፈራኝ ላስረዳ። ሥራዬ የሕንፃ ጥንካሬ ስሌት ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

ሚስማር ከጎኑ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ወደ ኋላ ሲስቡት ደካማ ነው። ሚስማር የነቀለ ሁሉ ይህን ያውቃል። እንጨት ደግሞ ዝናብ ሲመታው ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሟሽሻል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ሚስማሩን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል። የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት ያዩት የጣት ስፋት ክፍተት የብዙ ዓመት ግፊት ውጤት ነው። እዚህ አገር ክፍላተ ግዛት መነሻ የሚያደርጉት የመኖሪያ ቤት ሕግም ሌጀር ለመነቀል በሚሳብ ሚስማር ብቻ እንዳይያዝ ይከለክላል።

አሁን ወደ ክብደቱ። ሕጉ አንድ በረንዳ በእያንዳንዱ ስኩዌር ጫማ 40 ፓውንድ የሰውና የዕቃ ክብደት እንዲችል ይጠይቃል፤ በስኩዌር ሜትር 195 ኪሎ ግራም ገደማ ማለት ነው። የእርስዎ በረንዳ 192 ስኩዌር ጫማ ነው። 7,680 ፓውንድ ይሆናል፤ ወደ 3,480 ኪሎ ግራም። አንድን ሰው በአማካይ 75 ኪሎ ብንለው 46 ሰው ነው። 60 እንግዶችዎ 4,500 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ጠረጴዛው፣ የመጠጥ ማቀዝቀዣው፣ ድስቱ አልተቆጠረም። ስለዚህ ያ በረንዳ ዛሬ፣ በሕጉ መሠረት፣ በጥሩ ባለሙያ ቢሠራ እንኳ ያንን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲሸከም የታሰበ አይሆንም።

በዚህ ላይ ጭፈራ አለ። እስክስታ ሲወረድ፣ ሁሉም በአንድ ምት ሲዘል፣ ክብደቱ ወደ ታች ብቻ አይወርድም፤ በረንዳውን ከቤቱ እያራቀና እያቀረበ ይወዘውዘዋል። ለዚህ ሲባል ሕጉ ከብሎኖቹ በተጨማሪ የበረንዳውን አግዳሚዎች ከቤቱ ውስጥ ወለል ጋር የሚያጠላልፉ የብረት መሳቢያዎችን ይጠቅሳል፦ እያንዳንዳቸው 1,500 ፓውንድ የሚችሉ 2፣ ወይም 750 ፓውንድ የሚችሉ 4።

እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2003 በሺካጎ ሊንከን ፓርክ ሰፈር በድግስ መካከል የእንጨት በረንዳዎች ተደርምሰው 13 ሰዎች ሞተዋል፤ ከ50 በላይ ቆስለዋል። ጁን 16 ቀን 2015 ደግሞ በካሊፎርኒያ በርክሊ ከተማ የልደት ድግስ ላይ 5ኛ ፎቅ ያለ ሰገነት ከሥሩ ተቆርጦ 6 ተማሪዎች ሞቱ። ሕንፃው ከተሠራ 10 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ውኃ ሰርጎ ተሸካሚ እንጨቶቹን ውስጥ ለውስጥ አበስብሷቸው ነበር። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ያ ሰገነትም «ቆሟል»። ካሊፎርኒያ ከዚያ በኋላ በ2018 ባወጣችው ሕግ 3 እና ከዚያ በላይ መኖሪያ ያላቸው ሕንፃዎች ከፍ ያሉ የእንጨት በረንዳዎቻቸውን በየ6 ዓመቱ እንዲያስመረምሩ አዛለች።

የአሌክሳንድሪያው ወንድሜ፣ የእርስዎን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። በዚህ አካባቢ የብዙ ቤቶች ጡብ ግድግዳ አይደለም፤ ልባስ ነው። ከጀርባው አየር ያለበት ባዶ ክፍተት አለ፤ ከቤቱ የእንጨት አጥንት ጋር የተያያዘውም በቀጫጭን የብረት ማሰሪያዎች ነው። ጡቡ የተሠራው የራሱን ክብደት እንዲይዝ ብቻ ነው። በረንዳ በእንዲህ ያለ ጡብ ላይ መንጠልጠል አይፈቀድም። እባክዎ ብሎኖቹ ባሉበት አካባቢ ያለውን ሲሚንቶ ይመልከቱ።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት — ሰኞ ማታ

ከሥራ እንደ ተመለስሁ ገባሁ። ሌጀሩ የተመታው በላስቲክ ልባሱ ላይ ነው፤ ላሜራ የሚባል ነገር የለም። ከወጥ ቤቱ በር በታች ካቻቪቴውን ብወጋው እስከ እጀታው ገባ። አግዳሚዎቹ የብረት ማቀፊያ አላቸው፤ ነገር ግን ማቀፊያዎቹ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ግማሾቹ ባዶ ናቸው፤ የተሞሉትም በቀጫጭን ጥቁር ብሎኖች ነው። ዋናው ቢም ደግሞ በቋሚዎቹ ጎን በአንድ አንድ ብሎን ተንጠልጥሏል።

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ትንሿ ልጄ በየቀኑ እዚያ ላይ ትጫወት ነበር።

አናጺው ከሚኒሶታ — ሰኞ ማታ

ወንድሜ፣ ቀድመህ አይተኸዋል፤ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

እነዚያ ጥቁር ብሎኖች የጂፕሰም ሰሌዳ ማሰሪያ ናቸው። ደረቅ ብረት ስለሆኑ አይታጠፉም፤ ከጎን ሲጫኗቸው ራሳቸው ተቆርጦ ይወድቃል። እኔም ሥራ በጀመርሁበት ዓመት አለቃዬ ያቀበለኝን እነዚህኑ ብሎኖች በአንድ ሙሉ በረንዳ ላይ ተጠቅሜያለሁ። ስህተቱን ሳውቅ ተመልሼ በራሴ ወጪ ቀይሬያቸዋለሁ፤ እስክቀይራቸው ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም። ማቀፊያው ላይ ያለው እያንዳንዱ ክብ ቀዳዳ መሞላት አለበት፤ የሚሞላውም አምራቹ ባዘዘው ሚስማር ወይም ለዚያው በተሠራ ብሎን ነው። ማቀፊያው ይችላል የተባለው ክብደት ሁሉም ሲሞላ ነው።

ስለ ዝገቱም ልንገርህ። ከእ.ኤ.አ. 2004 ወዲህ ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው የታከመ እንጨት በአርሴኒክ ፋንታ በመዳብ ነው የሚታከመው። መዳቡ ተራውን ብረት ይበላዋል። ማቀፊያውም ሚስማሩም በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ወይም የማይዝግ ብረት መሆን አለበት፤ ሁለቱም ደግሞ ከአንድ ዓይነት። የአሉሚኒየም ላሜራም ከዚህ እንጨት ጋር አይነካካም፤ ይበሳሳል።

ሌጀሩ እንደገና ሲሠራ እንዲህ ነው፦ ልባሱ ይቆረጣል፤ የበሰበሰው የቤቱ የዳር እንጨት ይወጣና በአዲስ ይተካል። ላሜራው ከላይኛው ልባስ ሥር ገብቶ ሌጀሩን አልፎ ይወርዳል። ከዚያ ሌጀሩ በግማሽ ኢንች ውፍረት ባላቸው ባለ ጥርስ ብሎኖች ከነሮንዴላቸው፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ እያለ ይታሰራል። አግዳሚህ 12 ጫማ ስለሆነ በየ15 ኢንቹ አንድ ያስፈልግሃል፤ በ16 ጫማው ላይ 14 ገደማ ነው። ሁለት ሦስት ብሎን ጣል አድርጎ የሚሄድ ሠራተኛ ካጋጠመህ ክፍያውን ያዝ።

የድሮ አናጺ — ማክሰኞ ጠዋት

ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ አነበብሁ። እኔ ደብረ ብርሃን አካባቢ ከአባቴ ጋር ቤት ስሠራ ያደግሁ ነኝ፤ አሁን ዓይኔ ደክሞ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

ያ ቢም በቋሚው ጎን ተንጠልጥሏል የሚለው ነገር አላስተኛኝም። እኛ ባላና ወጋግራ የምንለው ለምን ይመስላችኋል? ባላው ከጫካ ሲመረጥ ጫፉ እንደ ሁለት ጣት የተከፈተ ሆኖ ነው። ወጋግራው በዚያ መካከል ይገባል፤ ይቀመጣል። ክብደቱን የሚይዘው እንጨት በእንጨት ላይ መቀመጡ ነው፤ ልጡ ወይም ጠፍሩ የሚታሰረው እንዳይንሸራተት ብቻ ነው። አባቴ ማሰሪያ ክብደት አይሸከምም፣ ማሰሪያ የሚጠብቀው ቦታን ነው ይለኝ ነበር። ቤታችን በቀላል ክዳን ላይ ያን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ሰው የሚቆምበት ወለል በአንድ ብሎን ጎን መንጠልጠሉ ምን ይባላል?

መሐንዲሷ — ማክሰኞ ቀትር

አባቴ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። የነገሩን ነገር ዛሬ በመመሪያዎቹ ላይ በሥዕል የተቀመጠው ራሱ ነው፦ 6 በ6 ኢንች የሆነ ቋሚ አናቱ እንደ ወንበር ይቆረጥና ቢሙ ይቀመጥበታል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ብሎን ከጎን ያልፍበታል። የእርስዎ ባላ ነው። ብሎኖቹ ቢላሉ እንኳ ቢሙ የሚወርድበት ቦታ የለውም።

ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ደግሞ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ያሉትን ክብ የእንጨት ጫፎች ያስታውሳል፤ የጦጣ ጭንቅላት የሚባሉትን። እነዚያ ጌጥ ብቻ አይደሉም። በግድግዳው ርዝመት የተኙትን እንጨቶች በአግድም ነክሰው ይይዛሉ፤ ድንጋዩና እንጨቱ እንዳይለያዩ። ተማሪ ሳለሁ እነርሱን እያየሁ ነው መጋጠሚያ መውደድ የጀመርሁት።

እናት በዴንቨር — ማክሰኞ ማታ

ሁለት ነገር ልጠይቅ፤ ልጆች ስላሉኝ። አጥሩ ምን ያህል መሆን አለበት? ሁለተኛው፣ እኛ ቡና ስናፈላ ከሰሉን በረንዳው ላይ ነው የምናቀጣጥለው፤ ችግር አለው?

መሐንዲሷ — ማክሰኞ ማታ

እህቴ፣ ወለሉ ከመሬት ከ30 ኢንች በላይ ከፍ ካለ አጥር ግድ ነው። በአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቢያንስ 36 ኢንች ቁመት ይኖረዋል፤ ከዚያ የሚበልጥ የሚጠይቁ አካባቢዎች ስላሉ የከተማችሁን ይጠይቁ። በዘንጎቹ መካከል 4 ኢንች ስፋት ያላት ኳስ ማለፍ የለባትም፤ ልኩ የተወሰደው ከሕፃን ልጅ ጭንቅላት አንጻር ነው። የአጥሩ አናት ደግሞ 200 ፓውንድ ግፊት መቻል አለበት።

ብዙ ሠራተኞች የሚሳሳቱት በዚህ በመጨረሻው ነው። የአጥሩ ምሰሶ ረጅም ማንሻ ነው። አንድ ሰው አናቱ ላይ ተደግፎ ሲገፋው እግሩ ላይ ያለው የላይኛው ብሎን ከ1,000 ፓውንድ በላይ ይሳባል። ስለዚህ ምሰሶው ከዳር ጣውላው ጋር ብቻ መያያዙ አይበቃም፤ በብረት ማሰሪያ ወደ ውስጠኞቹ አግዳሚዎች መያዝ አለበት። ምሰሶውን እግሩ ላይ ጠርቦ አቅጥኖ መለጠፍም ያዳክመዋል። ዛሬውኑ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ይዘው ይግፉ። የሚወዛወዝ ካለ ልጆቹን ያርቁ።

ከሰሉን በተመለከተ፣ እባክዎ ከእንጨት ወለል ላይ ያውርዱት። ፍንጣሪው በሳንቃዎቹ መካከል ወርዶ ደረቅ ቅጠል ላይ ሲያርፍ አይታይም። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ ከሰሉና ዕጣኑ ሲሚንቶ ላይ ይሁን።

ሐይቅ ዳር — ረቡዕ ጠዋት

ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። ለአንዲት ትንሽ ቡና ቤት ከውኃው ዳር የእንጨት ወለል ልንሠራ ነው። እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ሁሉ ለእኛም ይሠራል? አናጺያችን እግሩን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶ መሬት ውስጥ ልቅበረው ይላል።

የድሮ አናጺ — ረቡዕ ቀትር

ልጄ፣ ባሕር ዛፍ እርጥቡን አትሥራው። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፤ ሚስማሩንም ይተፋዋል። ልጡን ልጠህ፣ ጥላ ሥር ከመሬት አንሥተህ ደርድረህ ወራት አቆየው። መሬት ውስጥ አትቅበረው፤ ምስጥ ከሥር እየበላው ከላይ ጤነኛ ይመስልሃል። ድንጋይና ሲሚንቶ ከመሬት ከፍ አድርገህ ሥራ፤ እንጨቱ በዚያ ላይ በብረት እግር ይቁም።

አናጺው ከሚኒሶታ — ረቡዕ ማታ

የአባታችን ቃል ላይ ትንሽ ልጨምር። የተቃጠለው ዘይት ወደ ሐይቁ ነው የሚወርደው፤ ዓሣውም ሰውም የሚጠጣው ውኃ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ክብ እንጨት ሲገጣጠም መቀመጫው ጠፍጣፋ ሆኖ ይጠረብ፤ ብሎኑ ከዳር እስከ ዳር ያልፍና በሁለቱም በኩል ሰፊ ሮንዴላ ይኑረው። እንጨቱ እየደረቀ ሲቀጥን ዳዶው ይላላል፤ ከ6 ወር በኋላ ዞራችሁ አጥብቁ። ቋሚዎቹ መካከል ሰያፍ ማገር አስገቡ፤ ያለ እርሱ ወለሉ እንደ ጠረጴዛ እግር ይወዛወዛል። ለሕዝብ የሚከፈት ቤት ስለሆነ ደግሞ ስሌቱን መሐንዲስ ይሥራው፤ የእኔ የቁጥር ሠንጠረዦች ለባሕር ዛፍ አልተሠሩም።

የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ — ዓርብ ማታ

እስካሁን ዝም ያልሁት ላየው ስለ ፈለግሁ ነው። ከሌጀሩ ሥር በጡቡ መካከል ያለው ሲሚንቶ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ወርዷል፤ ሁለት ጡብ በእጄ ተነቃነቀ። መሐንዲሷ እህቴ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። ለሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ ደግሞ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ምክሬን ሰምተህ ቢሆን ኖሮ ማሰብ አልችልም። አሁን ምን ላድርግ? ጡቡን ማፍረስ አለብኝ?

መሐንዲሷ — ዓርብ ሌሊት

ማፍረስ አያስፈልግዎትም። በረንዳው ከቤቱ ይላቀቅና በራሱ እግር ይቁም፤ በግድግዳው አጠገብ ሁለተኛ የቋሚና የቢም ረድፍ ይጨመራል። ቤቱ ላይ ምንም ክብደት አይኖርም። በራሱ የሚቆም ስለሚሆን በሁለቱም አቅጣጫ ሰያፍ ማገር ያስፈልገዋል። አዲሱ መሠረት ከውርጭ መስመር (በብርድ ወራት አፈሩ በረዶ ከሚሆንበት ጥልቀት) በታች ይውረድ። በእናንተ አካባቢ 24 ኢንች ገደማ ነው፤ የሚኒሶታው ወንድማችን 42 ይቆፍራል። ቤቱ ሲሠራ ግድግዳው ሥር የተቆፈረው አፈር ተመልሶ የተሞላ ስለሆነ፣ እዚያ ያለው መሠረት ያልተነካ አፈር እስኪያገኝ ድረስ ይቆፈር። እስከዚያ ድረስ አይውጡበት።

የሲልቨር ስፕሪንግ አባት — ከ5 ሳምንት በኋላ

ተመልሻለሁ። ፈቃድ አወጣን፤ የካውንቲው ተቆጣጣሪ መጥቶ መሠረቱን ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት አየው፤ ሌጀሩንና ላሜራውን ደግሞ ወለሉ ከመሸፈኑ በፊት። አሮጌው ሌጀር ሲወርድ አብሬ ነበርሁ። ሠራተኛው መንቀያ ብረቱን አልተጠቀመበትም፤ ብዙዎቹን ሚስማሮች በጣቱ ነው የሳባቸው። ከጀርባው 5 ጫማ ያህል የቤቱ የዳር እንጨት እንደ እርጥብ ብስኩት ሆኖ ነበር።

ምርቃቱን ሣሩ ላይ ድንኳን ተክለን አደረግን። 70 ሰው መጣ። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ስትጨፍር ዓይኔ ወዲያ ወደ ባዶው ግድግዳ ይሄድብኝ ነበር። በረንዳው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት አለቀ። አሁን የምጠይቀው፣ በየጊዜው ምን ልመልከት?

አናጺው ከሚኒሶታ — በዚያው ማታ

እንኳን ለዚህ አበቃህ። የታከመው እንጨት እርጥብ ሆኖ ነው የሚሸጠው፤ ስለዚህ በሚመጣው ሚያዝያ ዳዶና ብሎኖቹን ሁሉ አጥብቅ። ከዚያ በየዓመቱ በረዶው ሲያልፍ ካቻቪቴህን ይዘህ ከሥር ግባ፤ በር ሥርና ደረጃው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቆይ። በሳንቃዎቹ መካከል የሚከማቸውን ቅጠል ጥረግ፤ ውኃ ያቁራል። የአሌክሳንድሪያው ወንድማችን፣ አንተ ደግሞ ቁፋሮ ከመጀመርህ በፊት 811 ደውል፤ የጋዝና የመብራት መስመሩን በነፃ መጥተው ምልክት ያደርጉልሃል።

የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ — በዚያው ሌሊት

ባለፈው ሳምንት ደውያለሁ። የጋዙ መስመር ቢጫ ምልክት ልቆፍርበት ካሰብሁት ጉድጓድ አንድ ክንድ ብቻ ነው የራቀው። ጉድጓዱን አዛውሬዋለሁ።